የአንበሳው ደጅ
አዲስ አበባ፣ አንበሳው በታሰረበት የብረት ፍርግርግ አጠገብ ስደርስ፣ የሚከረፋው የሽንቱ ሽታ ወደ ሰቆጣ ገበያ መለሰኝ። ልጅ ሳለሁ ከአበርገሌ ቆላ የተያዘ አንበሳ በካሚዮን ተጭኖ መጥቶ ነበር። ገበያተኛው በዱላ እየጎነተለው ይስቃል። አያቴ ግን በአገሩ ገዥ በዋግሹሙ ፊት እንደሚቆሙት ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«አባባ፣ የታሰረ ነው እኮ» አልኳቸው።

«መታሰሩን አይቻለሁ። መሻሩን የነገረኝ ግን የለም» አሉኝ።

እዚህ ደግሞ ወጣቶቹ ፎቶ ሊያነሱት፣ ተነስቶ እንዲቆምላቸው ጠጠር ይወረውሩበታል። ነጠላዬን አደግድጌ ፊቱ ቆምኩ።

ዘበኛው መጣና «እማማ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» አለኝ።

«የለም ልጄ፣ ደጅ እየጠናሁ ነው» አልኩት።