ዜሮ ነው፣ ተመስገን

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ፎጣ ሳጥፍ ዋልኩ። ክሊኒኩ ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ውስጥ ነው፤ በጥርስ ሐኪም ቤትና በልብስ ማጠቢያ መካከል የተሸጎጠ የፊዚካል ቴራፒ ቤት። ኪሴ ውስጥ አዲስ ጎኒዮሜትር ነበር፤ መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካ የፕላስቲክ መሣሪያ ነው። ማንም የሚለካ ጉልበት አልሰጠኝም። ፎጣ ግን ሞልቶ ነበር።

ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመርቁ ነው። ከዚያ በፊት ፎርት ዎርዝ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ሰው ሳነሣና ሳስተኛ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ያን ጊዜ የሰውን አካል የማውቀው በክብደቱ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ የአጥንቱንና የጡንቻውን ስም ከተማርኩ በኋላ፣ አንዱ በሌላው ስም ሲጠራ ዝም ማለት አልችልም። ይሄ ጠባዬ ባልደረቦቼን ያሰለቻቸዋል። አውቃለሁ።

የዚያን ቀን ከሥራ መውጫ ላይ አለቃዬ ሊንዳ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። እሷ ቴራፒስት ናት፤ እኔ ረዳት ቴራፒስት። ቴራፒስት ትመረምራለች፣ ዕቅድ ታወጣለች። ረዳት ዕቅዱን በሥራ ላይ ታውላለች እንጂ አትቀይረውም።

«ያየሽውን ግን ሁሉንም ትነግሪኛለሽ» አለችኝ። «እኔ በሽተኛውን የማየው ለአፍታ ነው። አብረሽው የምትውዪው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አሳየችኝ። ከዜሮ እስከ ዐሥር ቁጥር ተደርድሯል። ዜሮው ላይ የሚስቅ ፊት አለ፤ ዐሥሩ ላይ የሚያለቅስ። በሽተኛው በገባ ቁጥር ስንት እንደሚያመው ይጠየቃል፣ የሰጠው ቁጥር ይመዘገባል። ሕክምናው ወደፊት የሚሄደውም ወደኋላ የሚመለሰውም በዚያ ቁጥር ነው።

ይህ መለኪያ የኛ ሰዎች መምጣት እስኪጀምሩ ድረስ በደንብ ሠርቷል።

እማማ ብርቅነሽ ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና ተቀይሮ መጡ። እግራቸውን ሳጥፈው ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ይላል።

«እማማ፣ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ያምዎታል?»

«ተመስገን ልጄ።»

«እሱማ ይመስገን፤ በቁጥር ይንገሩኝ።»

«የሱን ሥራ በቁጥር ልናገር? ምን ነካሽ አንቺ!»

ሊንዳ መልሱን ለመጻፍ እየጠበቀች ነበር። «ተመስገን ስንት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ከዜሮ እስከ ዐሥር ያለው ሁሉ ነው» አልኳት። ሳቀች። እኔ መቀለዴ አልነበረም።

ጋሼ ዳምጠው የመጡት ሙቀቱ ገና ሳይጠና ነው። ስድሳ ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳሉ። ቤታቸው ጋርላንድ ቢሆንም ለሥራቸው የሚቀርበው የኛ ክሊኒክ ነበር። የቀኝ እግራቸው የቅልጥም አጥንት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኝታለች። ለማራቶን ሲለማመዱ ነው ያመጧት።

እንግዳ ተቀባያችን ከየት እንደሆኑ ስትሰማ ዐይኗ በራ። «ኢትዮጵያዊ! እንግዲያው ሯጭ ነህ ማለት ነው!»

ወደኔ ዞር አሉና በአማርኛ፣ «ንገሪያት እስቲ እህቴ፤ እኔ እስከ ዘንድሮ፣ እንኳን ማራቶን፣ አውቶቡስም ሮጬ ይዤ አላውቅ» አሉኝ።

ተረጎምኩላት። አላመነችኝም።

ሐኪማቸው እግራቸው እንዳይንቀሳቀስ ያሰረላቸውን መከላከያ ቡት ካወለቀላቸው በኋላ ሊንዳ ዕቅዱን አወጣች። መጀመሪያ መራመድ። ቀጥሎ በአንድ እግር መቆም፣ ከዚያ በዚያው እግር መዝለል። እሱ ካላመመ ትሬድሚል ላይ ጥቂት ሮጦ ጥቂት መራመድ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቁጥሩ ነው። ጋሼ ዳምጠው በመጡ ቁጥር ሳልጠይቃቸው ይመልሳሉ፦ «ዜሮ ነው፣ ተመስገን።»

በየቀጠሮው መጀመሪያ በአውራ ጣቴ ቅልጥማቸውን ከላይ ወደ ታች እየተጫንኩ እወርዳለሁ። የዳነ አጥንት ሲጫኑት ዝም ይላል። ያልዳነ አንድ ቦታ ላይ ይናገራል። የጋሼ ዳምጠው አጥንት አይናገርም፤ እሳቸው ግን ይናገሩ ነበር።

«ልጆች እንዴት ናቸው?» ይሉኛል ድንገት።

«ልጅ የለኝም፣ ጋሼ።»

«ውይ፣ ረስቼው!»

በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና፦ «ልጆች እንዴት ናቸው?» እንደገና የለኝም እላለሁ። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ ግን ጣቴ ያለበትን ቦታ ማየት ጀመርኩ። ጥያቄው ሁልጊዜ የሚመጣው እዚያችው ነጥብ ላይ ስደርስ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል። ከሷ በላይ ስለ አየሩ ያወራሉ። ከሷ በታች ስለ ትራፊኩ። እሷ ላይ ብቻ ስለ ልጆቼ ይጠይቃሉ።

አንድ ቀን ጣቴን እዚያው አቆየሁት። «ጋሼ ዳምጠው፣ የሌሉ ልጆቼ ደህንነት እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ለምን ያሳስብዎታል?»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ መጋረጃው መዘጋቱን አዩ።

«ለአለቃሽ አትንገሪያት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ስንት ነው?»

«ተይው እህቴ። የአገር ልጅ አይደለሽም?»

«የአገር ልጅ ስለሆንኩ ነው የምጠይቅዎ። ስንጥቋ ከሰፋች አጥንቱ ይሰበራል። በየትኛው እግርዎ ነው ነዳጅና ፍሬን የሚረግጡት?»

ቀኝ እግራቸውን አዩት። ከዚያ ስለ ልጃቸው ስለ ሊያ ነገሩኝ። ሊያ ሕፃን ሳለች ከእናቷ ጋር ተለያዩ፤ ያደገችው እናቷ ዘንድ ነው። አሁን ዳላስ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሲደውሉላት «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች፤ ስልኩ ይዘጋል። አንድ ቀን ግን ለማራቶን እየተለማመደች እንደሆነ ነገረቻቸው። እሳቸው ምን እንዳስወጣቸው ሳያውቁ «እኔም እሮጣለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አብረው ይሮጣሉ።

«ፊት ለፊት ብንቀመጥ አንድ ቃል አይወጣትም» አሉኝ። «ጎን ለጎን ስንሮጥ ግን ታወራለች። ስለ አለቃዋ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ልጅነቷ ሳይቀር። ሀያ ምናምን ዓመት ያልሰማሁትን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሰማሁት። እግሬ ከተሰነጠቀ ወዲህ ቆሞ ነበር፤ አሁን ገና እንደገና ጀመርን። አለቃሽ አቁም ብትለኝ ምን ብዬ ልሂድ?»

ሐኪሙም ሊንዳም ገና ሩጫ አልፈቀዱላቸውም ነበር። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር እየሮጡ፣ ሰኞ እኛ ዘንድ መራመድ ሲለማመዱ ኖረዋል።

አሳዘኑኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ልበልላቸው የሚለው ሐሳብ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። ግን ሥራዬ ግልጽ ነው።

«እነግራታለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ግን ከኔ አፍ ባይወጣ እመርጣለሁ። አሁን እጠራታለሁ፤ እርስዎ ይንገሯት።»

ሊንዳ መጣች። ጋሼ ዳምጠው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ በእንግሊዝኛ «ሲክስ» አሉ።

ሊንዳ አልተቆጣችም። ለሐኪማቸው ደወለች፣ ሩጫም ዝላይም ከዕቅዱ ወጣ፣ ቡቱ ተመለሰ። ጋሼ ዳምጠው ቡታቸውን አስረው፣ ደህና ዋሉ ስላቸው ሳይመልሱልኝ ወጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጡም። የተዘረጋውን አልጋ መልሼ አነሣሁ። ቢናደዱብኝ አልፈርድባቸውም፤ ቅዳሜያቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ።

ተመልሰው ሲመጡ ሊያ አብራ ነበረች። በመኪናዋ ነው ያመጣቻቸው፤ ፊቷ ቁጣ ነበር።

«አንቺ ነሽ ሕመሙን ያገኘሽው?» አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አንቺ መባሌን አስተውል ነበር፤ ያን ቀን ግን ለመቆጣት ጊዜ አልነበረኝም። «እሱ ለኔ 'ሐኪሙ ኦኬ ብሏል' ነው ያለው። ላይድ! ዋሸኝ! ሶ እኔ ነኝ ያሳመምኩት ማለት ነው?»

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉ ጋሼ ዳምጠው።

«አባዬ፣ አንተ አትናገርም እኮ! ሁልጊዜ ተመስገን፣ ተመስገን! እኔ ማይንድ ሪደር ነኝ?»

አጠገባችን የነበረችው ሊንዳ ቃሉን ባታውቅም ነገሩ ገብቷታል። ወንበሯን ሳበችና ጋሼ ዳምጠውን «መሮጥ ስታቆም የሚቀርብህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ወደኔ ተመለከቱ። እኔ በአገጬ ወደ ሊንዳ ጠቆምኳቸው።

«ቅዳሜ» አሉ።

ሊያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሊንዳ ትንሽ አሰበች። «እኔ የከለከልኩት ሩጫ ነው፤ ቅዳሜን አይደለም» አለች። «ቡቱ ሲወልቅ እሷ ትሩጥ፣ አንተ ጎኗ ብስክሌት ንዳ። ብስክሌት ላይ የሰውነትህ ክብደት አጥንቱ ላይ አይወድቅም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ብስክሌት? ሰው ምን ይለኛል?»

«ማንም አይለይህም አባዬ» አለች ሊያ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሁሉም ሰው ሄልሜት ነው የሚያደርገው።»

በጋው ሙሉ እንዲሁ አለፈ። ጋሼ ዳምጠው በየሰኞው መጥተው ሊያ ቅዳሜ ያወራችውን እየነገሩኝ ላስቲክ ይጎትታሉ፣ ተረከዛቸውን ያነሣሉ። ቁጥር ስጠይቃቸው ቁጥር ይነግሩኛል፤ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አንድ። ጣቴ እዚያች ነጥብ ላይ ሲያርፍ ስለ ትራፊክ ማውራት ጀመሩ። አጥንቱ በምስል ተነሥቶ መግጠሙ ሲታይ ሐኪሙ ቀስ ብሎ መሮጥ ፈቀደ።

ሊንዳ ማራቶኑን አልመከረችም። እንደማይቀሩ ስታውቅ ግን ሕግ አወጣች፦ ጥቂት ሮጦ ጥቂት መራመድ፤ ሕመሙ ሦስት ከደረሰ መራመድ ብቻ፤ አምስት ከደረሰ ማቆም። ጠያቂዋ ሊያ ናት። ጋሼ ዳምጠው እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ሊንዳ መማል አያስፈልግም ብትላቸውም ማሉ።

የማራቶኑ ዕለት ዳላስ ብርድ ነበር። ሐይቁ ዳር፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ፣ ተጣጣፊ ወንበርና በረዶ የያዘ ሣጥን ይዤ መጠበቅ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ብዙ ሰው ካለፈ በኋላ ሁለቱን ከሩቅ አየኋቸው፤ ጎን ለጎን፣ ሊያ እያወራች።

«አባዬ፣ ስንት?» ስትል ሰማኋት።

«ሁለት!»

ከዚያ ጋሼ ዳምጠው አዩኝ። እጃቸውን አወዛወዙ። «እህቴ! እንደምን አደርሽ! ልጆች እንዴት ናቸው?»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ጋሼ ዳምጠው ከአፋቸው የወጣውን ሰሙት መሰለኝ፤ እርምጃቸው ቀነሰ፣ ከዚያ ቆሙ። ሳቅም እፍረትም ፊታቸው ላይ ተደባለቀ። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አምስት ነው» አሉ። «ከድልድዩ ጀምሮ።»

በራሳቸው እግር ከመንገዱ ወጡ። ወንበሩ ላይ አስቀምጬአቸው ቅልጥማቸው ላይ በረዶ አሰርኩ። ሊያም ተከትላ ወጣች።

«እኔም አቆማለሁ። አብረን ነው ያልነው።»

«ሂጂ» አሏት። «እኔ የትም አልሄድም። እዚሁ ነኝ።»

አመነታች፤ ከዚያ ዞራ እያየችን ሄደች። ገና ከመታጠፊያው ሳታልፍ የጋሼ ዳምጠው ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ?»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አሁን አይደል እንዴ የተለያየነው?»

«ሶ? አውራኝ።»

አወሯት። መንገደኞች ቫን ውስጥ ጥለዋቸው ስለሚወርዱ ነገሮች አወሯት፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ረስቶ ስለወረደው ሽማግሌ፣ የሙሽራ ቬሏን ጥላ ስለበረረችው ሴት። አንዳንዴ ከስልኩ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን አላቋረጡም። በረዶውን ሁለቴ ቀየርኩ። በመጨረሻ ከወዲያ ብዙ ጩኸት ተሰማ፤ ከጩኸቱ መሐል የሊያ ድምፅ «አባዬ ጨረስኩ!» አለ።

«ተመስገን» አሉ ጋሼ ዳምጠው። ስንት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

አሁን አዲስ ረዳቶች ፎጣ ሲያጥፉ አጠገባቸው የምቆመው እኔ ነኝ። ሰሌዳው ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ እንጠቀምበታለን። አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ግን ሰሌዳውን ከማሳየቴ በፊት፣ የለመደውን ቢያቆም ምን እንደሚቀርበት እጠይቀዋለሁ። መልሱን ለሊንዳ እነግራታለሁ። ቁጥሩን የምንጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።