መዝገብ ቤቱ ኪሴ ውስጥ ነው

ዛሬ እንጅባራ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ የመንግሥት ሰነድ ስፈልግ የራሴን የሰርግ ጭፈራ ቪዲዮ ከፈትኩ።

ከጥርባ በኩል የመጡ እናት ለነገው የመሬት ክርክራቸው የይዞታ ማስረጃቸውን ቅጂ ጠየቁኝ። ዋናውን ወረቀት የሚያፈሰው ጣሪያችን አበስብሶታል። እኛ ግን ዘምነናል! ፎቶው «ዲጂታል መዝገብ ቤታችን» ውስጥ አለ፤ ይኸውም የእኔ ስልክ ነው።

ለካ ስልኬ ሞላብኝ ብዬ የባለጉዳዮቹን ሰነድ ሰርዤ ሰርጌን አስቀርቻለሁ።

«እማማ፣ ጠፍቷል።»

«መሬቴ?»

«ፎቶው...» ብዬ ስልኩን አዞርኩላቸው።

ስልኩ ላይ የሚጨፍረውን ሙሽራ፣ እኔኑ፣ ትኩር ብለው አዩት። «እንኳን ሰርግህ ተረፈ፣ ልጄ። ነገ አብረኸኝ ና፤ ለዳኛውም ይኸንኑ አሳየው።»

እሄዳለሁ። ምን ፊት ይዤ እንደሆነ እንጃ።

የእናንተ ቢሮ መዝገብስ የማን ስልክ ውስጥ ነው? ሳይሞላበት ንገሩኝ።