ከወለንጪቲ የመጣችው ቶርኖ

ፉፋ መርዳሳ በአንድ የግል ጋራዥ ለአሥራ አምስት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ ኖረ። ጋራዡ ሲዘጋ ናዝሬት በሚገኝ የመንግሥት የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተመደበ። ወደ ሙያው እንዲመለስ ሁለት ጊዜ አመለከተ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ባለህበት እርጋ» ተባለ።

በ1971 ዓ.ም. ወለንጪቲ ገበያ፣ ከአሮጌ ብረት ክምር ሥር አንዲት ነገር አየ። ነጋዴው «ሥጋ መፍጫ ናት፤ ብትጸዳ ትሠራለች» አለው። ፉፋ አልተከራከረም። በጆንያ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ይዟት ወጣ።

ቤቱ ገብቶ በናፍጣ አጠባት። የቀለሟን ንብርብር ሲፍቅ የተበሉ የእንግሊዝኛ ፊደላትና አንድ ቁጥር ብቅ አሉ። ክንድ የማትሞላ ቶርኖ ነበረች። የማን ሥራ እንደሆነች ግን ማንበብ ስላልቻለ ወንጂ ወርክሾፕ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡትን ኑሬን አመጣቸው። ሽማግሌው ከመደቧ እስከ መሃል ነጥቧ በጣታቸው ለኩ።

«አራት ጣት አትሞላም» አሉ። «ለፋብሪካ አልተሠራችም። እንግሊዞች ከሥራ መልስ ጓዳቸው ገብተው ትንንሽ ባቡር የሚቀርጹባት ናት።»

«ሊሸጡት ነው፣ ጋሽ ኑሬ?»

«የምን መሸጥ? ደስ ስለሚላቸው ነው እንጂ።»

«ያለ ደመወዝ?»

«አንተንስ ማን ከፍሎህ ነው ከወለንጪቲ የተሸከምካት?»

ፉፋ ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ላይ የእግር መርገጫ ፈትቶ ገጠመላት። ከዘበኝነቱ ሲመለስ ለጎረቤት የላምባ ምድጃ ብሎን ይቀርጽ ጀመር። እጁ አልረሳም ነበር።

ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። ቀበሌው ማምረቻ መኪና ያለው ሁሉ ለእደ ጥበብ ማኅበሩ እንዲያስረክብ ወሰነ። ፉፋ የመንግሥት ተቀጣሪ ስለሆነ ማኅበሩ አባል አድርጎ አይቀበለውም። መኪናዋ ትገባለች፤ እሱ ውጭ ይቀራል።

ሊቀ መንበሩ አምባዬ ሦስት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ መጣ።

«ይቺ ምንድን ናት፣ ጓድ ፉፋ?»

«መጫወቻ ናት። የፈረንጅ መዝናኛ። ጋሽ ኑሬን ጠይቋቸው።»

«ብረት ትቆርጣለች ይባላል።»

«ኧረ የት አባቷ!»

«እስቲ አሳየን።»

ፉፋ ስለቱን ከመሃሉ መስመር ጥቂት ከፍ አድርጎ አሰረው። እንዲህ የታሰረ ስለት ብረቱን ያሻሸዋል እንጂ አይበላውም፤ ጀማሪ የሚሳሳተው ስህተት ነው። መርገጫውን ረገጠ። ብረቱ ሲጢጥ አለ፤ ጠቆረ፤ አንዲት ፍቅፋቂ አልወረደም። ከኮሚቴው አንዱ «ለአንተስ ዘበኝነቱ ይሻልሃል» አለው። ሁሉም ሳቁ። ፉፋም አብሯቸው ሳቀ።

አምባዬ መዝገቡ ላይ «መጫወቻ» ብሎ ጻፈና ቀና አለ።

«ልጅ አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ መጫወቻ ምን ያደርግልሃል? የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ባዶውን ነው።»

ፉፋ ቶርኖ ናት ቢል ለማኅበሩ ትሄዳለች፤ ኮሚቴ ማታለሉም ይታወቅበታል። በዚያ ዓመት ኮሚቴ ያታለለ ሰው የት እንደሚያድር ሁሉም ያውቃል። «ነገ አደርሳታለሁ» አለ።

በማግስቱ ራሱ ተሸክሞ ወሰዳት። መዋዕለ ሕፃናቱ በረንዳ ላይ ካለ አግዳሚ ጋር አሰራት፤ ልጆቹ እንዳይቆረጡ ስለቱን ነቀለ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክሯት ይውላሉ፤ አሸዋም ያጎርሷታል። ፉፋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀበሌ ስብሰባ ሲወጣ ጎራ ብሎ አሸዋውን ይጠርግና ዘይት ይቀባታል።

በሦስተኛው ቅዳሜ መምህርቷ ወሰንየለሽ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሽ ፉፋ፣ አይቀየሙኝና ዘይቱ የልጆቹን ልብስ እያበላሸ እናቶቻቸው ተቆጡ። ከእንግዲህ ባይቀቧት።»

«ትዝጋለች እኮ።»

«ብትዝግስ? መጫወቻ አይደለች?»

ፉፋ የያዘውን ጨርቅ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ናት» አላት።