የቀኙ በር

ያ ቁም ሳጥን ለአናጢው መቶ ሰማንያ ብር፣ ለምስጡ አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት፣ ከዚያም የሚስቴን ዝማሬ አስወጥቶኛል። ዘይቱን ከጋራዥ በነፃ ነው ያመጣሁት፤ እሱን ከሂሳቡ ማውጣት ይቻላል።

ሳጥኑ የዋንዛ ነው፤ ሁለት በር አለው። የግራው የእኔና የሚስቴ፣ የቀኙ የልጃችን። ልጁ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላም የቀኙ በር የእሱ እንደሆነ ቀረ። እኔ መሀል ከተማ ልባሽ ጨርቅ ስለምነግድ ቦታ ሲባክን አልወድም።

«ግማሹን ለዕቃዬ ብትለቂልኝስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሲመጣ ምን ሊለብስ? ካንተ መደብ ገዝቶ?»

እንደማስከፍለው ታውቃለች።

ሐዋሳ ሐይቁ ቅርብ ነው፤ የተዘጋበት ልብስ ይሻግታል። ስለዚህ ታናፍሳለች፤ ግን አንድ አንዱን ብቻ። ዛሬ ሸሚዝ፣ ነገ ሱሪ፣ ሌላ ቀን ሹራብ። ስታጣጥፍ ትዘምራለች። ለምን ሁሉንም ባንዴ እንደማታወጣ ጠይቄያት አላውቅም፤ የሚጠየቅም አይደለም። ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ካልመጣ፣ ልብሱ ወጥቶ ይደረደርና በልብሱ ይለቀሳል።

አንድ ቅዳሜ እሷ ዓሣ ልትገዛ አሞራ ገደል ወርዳ ሳለ፣ በቀኙ በር በኩል የሳጥኑ እግር አፈር ለብሶ አየሁ። ምስጥ! ሳጥኑን ለማጋደም ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። የልጁ ልብስ አፈር ነክቶት ስለነበር አራግፌ ግቢው ገመድ ላይ ሰቀልኩት፤ ሁሉንም። ሐሳቤ ምስጡ ላይ ነበር።

ጎረቤታችን አሮጊቷ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

«ውይ ልጄን! ውይ ልጄን!»

«እትዬ፣ ምንም የለም፤ ምስጥ ነው። ገብተው ይዩት።»

«ዝም በል! ከእኔም ትደብቃለህ? እጄ ላይ ያደገ ልጅ!» አሉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

መርዶ መደበቅ የእኛ ሰው ወግ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ እስኪያረዳ ድረስ፣ የሰማ ሁሉ ይክዳል። እናም በካድኩ ቁጥር አመኑ። ሃያ ዓመት ገበያ ላይ ስምል ያን ያህል ሰው አምኖኝ አያውቅም። ግቢው ሞላ። አንዱማ የዕድሩን ድንኳን ላምጣ ወይ አለኝ።

ሚስቴ የገባችው ያኔ ነው። አልጮኸችም። ዓሣዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፤ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ወደ እኔ መጣች።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። የሳጥኑን እግር ምስጥ በልቶት ነው።»

«እሱ ይሙት በለኝ።»

አማኝ ሴት ናት፤ መሐላ ትጠላለች። እኔ ደግሞ በዚያ መሐላ ነበር እንጀራ የምበላው። «ልጄ ይሙት፣ በዋናው ነው የሰጠሁህ!» እያልኩ ስንት ኮት ሸጫለሁ። ልጁ ከተወሰደ ወዲህ ግን ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ደንበኞቼ ያውቃሉ፤ እሷ አታውቅም።

«በእግዚአብሔር ስም፣ ምስጥ ነው» አልኳት።

«እሱን ተወው። ልጄ ይሙት በል።»

አፌን ከፈትኩ። ሁለት ቃል ነው። አልወጣልኝም።

ራሷን ነቀነቀች። ልብሱን ከገመዱ እየሰበሰበች ታጣጥፍ ጀመር። ሳትዘምር።

የሚያረዳ ሽማግሌ ስላልመጣ ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። አናጢው የሳጥኑን እግር ቀየረ፤ አዲሱን እግር የተቃጠለውን ዘይት ቀባሁት፤ ከሥሩም ጡብ አደረግሁበት። እሷ ዳግም አልጠየቀችኝም። ልብሱን እንደ ድሮው አንድ አንዱን ታናፍሳለች። ግን ጎሕ ሲቀድ በር ከተንኳኳ፣ የምታየው በሩን አይደለም፤ እኔን ነው።

መንግሥት ሲለወጥ የተረፉት ልጆች አቧራ ለብሰው በእግራቸው ገቡ። እኛ ቤት የገባ የለም። የሚያረዳም አልመጣም።

በቀኙ በር ያለው፦ ሸሚዝ አራት፣ ሱሪ ሁለት፣ ሹራብ አንድ። ምስጥ የለም።