የምጥ ዳርዳርታ

ትናንት ከሰዓት በኋላ በስተደቡብ ሰማዩ ሲደፈርስ አየሁና የእህቴን ልጅ «የዝናብ ዳርዳርታ ነው፤ ልብሱን አስገቢ» አልኳት።

«ዳርዳርታ ምንድን ነው?» አለችኝ። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው። እኔም በእሷ ዕድሜ ቃሉን አላውቀውም ነበር። ያስተማረችኝ ዘሀራ ናት።

ዘሀራ የወሎ ልጅ ናት። ካርቱም ውስጥ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እርግዝናዋ ሲገፋ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ወዳለው ቤታችን መጣች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከተማ ውስጥ አይገኝም። የመጀመሪያ ልጇ አገር ቤት ምጥ ላይ እንደሞተባት እናቴ በሹክሹክታ ነግራኛለች።

ያን ቀን እናቴ ገበያ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሙቀቱ ግድግዳውን ሳይቀር ያተኩሰዋል። ለምሳ ወጥ የሚሆን የሙሉኪያ ቅጠል እየቀነጠስን ሳለ ዘሀራ ቅጠሉን አስቀመጠች።

«ዳርዳርታው ጀመረኝ።»

«ምኑ?»

«የምጥ ዳርዳርታ። ሰርገኛ ገና መንገድ ላይ ሳለ ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማ የለ? እንደሱ ነው። ምጡ ራሱ ገና አልመጣም።»

«እንግዲያው እማዬ እስክትመለስ እንጠብቃ።»

«ያኔም እንጠብቅ ብለውኝ ነው» አለችና ቶቧን ተከናነበች።

ሆስፒታል እንደምንሄድ ለጎረቤት ነግረን ወጣን። ባለታክሲው ሰማዩን አይቶ «ሐቡብ እየመጣ ነው፤ አቧራው ሲነሣ የዓባይ ድልድይ ይዘጋል» ሲል አመነታ። ዘሀራ ግን በሩን ከፍታ ገባች። «ያላ፣ አጎቴ» አለችው። ሆዷን አየና ሞተሩን አስነሳ። ድልድዩን ስንሻገር ቀይ አቧራ እንደ ተራራ ቆሞ ወደ ከተማው ይመጣ ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ቀኑ ጨለመ።

አዋላጇ «ምጥ ጀምሯታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዳርዳርታ የሚሆን የዓረብኛ ቃል አጣሁ። «አልጀመራትም፤ ግን እየመጣ ነው» አልኳት። ፈገግ አለች፤ ዘሀራን ስትመረምር ግን ፈገግታዋ ጠፋ። ሕፃኑ በእግሩ ነበር የሚመጣው።

«እንኳን ቀድማችሁ መጣችሁ» ብላ ሐኪም አስጠራች።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው አሸዋ ጥርሴ ውስጥ ይፈጫል። ነፋሱ በረድ ሲል የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ድልድዩ ላይ በሐቡቡ ተይዛ ቆይታ፣ ቅንድቧ አቧራ ለብሶ ደረሰች። ዘሀራ ሴት ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ትኩስ የቴምር ገንፎ በማንኪያ እየጎረሰች አገኘቻት።

ሰው ዳርዳርታን ብዙ ጊዜ ለክፉ ነገር ይጠራዋል፤ የበሽታ፣ የጠብ ዳርዳርታ ይላል። እኔ ግን ቃሉን ስሰማ አልደነግጥም። ነገሩ ገና አልደረሰም፤ ተነሥቶ ለመሄድ ጊዜ አለ ማለት ነው።