ከአቡጀዲው ሥር የሚያልፈው ጽሑፍ

ፊልም ውስጥ ደብዳቤ ሲከፈት እኔ የማየው የተዋናዩን ዓይን ነው። እስከ ዛሬ ካየኋቸው ፊልሞች፣ ከድሮዎቹም ከአሁኖቹም፣ ደብዳቤውን በእውነት ያነበበ ተዋናይ አራት ቢሞላ ነው። ሌሎቹ ወረቀቱ ላይ ያፈጣሉ፣ ቅንድባቸውን ያነሳሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ ከእጃቸው ይወድቃል። ዓይናቸው ግን ከመስመር ወደ መስመር አልሄደም። ይህን ስናገር አጠገቤ የተቀመጠ ሰው "አንቺ ደግሞ፣ ዝም ብለሽ እይ" ይለኛል። ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ስለሆነ፣ አንድ ገጽ ማንበብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በደንብ አውቀዋለሁ።

ሌላም የማልምረው ነገር አለ። የድሃ ልብስ ተተኩሶ ሲታይ ፊልሙን እጠረጥረዋለሁ። ሙዚቃው ቀድሞ አልቅሺ ሲለኝ አላለቅስም። በአብዮቱ ዘመን በነጻ በሚያሳዩን የጦርነት ፊልሞች ሰው ሁሉ ሲሰላች እኔ እወዳቸው ነበር፤ ምክንያቱም ብርዳቸው እውነት ነው። ወታደሩ ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል፤ ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ቁልፉን መቆለፍ ያቅተዋል። እኔ የጀልዱ ልጅ ነኝ፣ ከጎጆ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ። ብርድን አስመስሎ መጫወት እንደማይቻል የማውቀው ከዚያ ነው። የካራቴ ፊልም አልወድም፤ ግን አላንቋሽሸውም። አስተርጓሚ የማያስፈልገው እሱ ብቻ ነበር።

ለሥራ በመጣሁባት አምቦ ደግሞ አስተርጓሚው ከተዋናዩ ይበልጥ ነበር።

ፊልሙ ከአዲስ አበባ በቆርቆሮ ታሽጎ በአውቶቡስ ይመጣል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌያችን አዳራሽ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ባኮ ይወርዳል፤ ሲመለስ ደግሞ አንዳንዴ እንደገና እናየዋለን። አብዛኛው የህንድ ነው። ከሥዕሉ ሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያልፋል፤ ከአዳራሹ ሰው ያን ማንበብ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ፊልሙ እንዲታይበት ከተወጠረው ነጭ አቡጀዲ በስተግራ፣ የተገለበጠ የጠርሙስ ሣጥን ላይ፣ ከረባት ያሰሩ አንድ ሰው ይቀመጣሉ። በሥራ ቀን ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ይጠርጉ ስለነበር ህንድኛውን እዚያ ለምጄዋለሁ ይላሉ። ልብስ የሚለኩበትን የእንጨት ማስመሪያ ይዘው፣ የሚናገረውን ሰው በጫፉ እየነኩ፣ በአማርኛ ይናገሩና ወዲያው በኦሮምኛ ይደግሙታል። ለሽማግሌው የሽማግሌ ድምፅ፣ ለሙሽራዪቱ የሙሽራ ድምፅ አላቸው። ከሥር ምንም የማይጻፍበትን ዘፈን ሳይቀር ይተረጉማሉ። ትንሽ ከዘገዩ ከኋላ "ማል ጄቴ?" የሚል ይነሳል፤ ምን አለች ማለት ነው። ፍቅረኛው ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ "ይሄ ሰውዬ እንደ ባኮ አውቶቡስ ነው፣ ሲመጣ ታዩታላችሁ" ብለው ዘፈኑ እስኪያልቅ ያስቁናል።

ሦስት ዓመት እንዲህ አየሁ፣ በደስታ። ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል እይዛለሁ፤ ሲመሽ እማራለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ይገባኝ ጀመር። መጀመሪያ አንድ ቃል፣ ቀጥሎ ሁለት፣ አንድ እሑድ ደግሞ ሙሉ መስመር ሳያመልጠኝ ያዝኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ ከታች አልነሳም አለ።

የያዝኩት ጽሑፍና የምሰማው ነገር አልተገናኘም።

የልብስ አጣቢዋ ፊልም ላይ ነው በግልጽ የታየኝ። አንዲት ልብስ አጣቢ ልጇን ያሳደገችው የባለጸጋ ቤት ልብስ እያጠበች ነው። አንድ የወርቅ አምባር ሸጣ ልጁን ከተማ ለትምህርት ትልከዋለች። ከብዙ ዓመት በኋላ አምባሩ ሲገኝ ባለጸጎቹ የኛ ነው ብለው ይከሷታል። ዳኛው ያ ልጅ ነው፤ እናቱ መሆኗን አያውቅም፣ እሷ ግን አውቃዋለች። አስተርጓሚያችን "አምባሩ ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ የማንንም አልነካሁም አለች" ብለው አዳራሹን አስለቀሱት። ከሥር የተጻፈው ግን "አዎ፣ የሰረቅሁት እኔ ነኝ" ይላል። ዳኛው ፈረደባት። ባልሠራችው ተፈረደባት ብሎ ያ ሁሉ ሰው እንባውን እየጠረገ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከተማው ውስጥ ሰው በሐሰት ሲታማ "እንደ አጣቢዋ" መባል ተጀመረ።

እኔ ስህተት ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ያገኘኋቸውን ስህተቶች፣ አሥራ አንድ ነበሩ፣ በንጹህ ወረቀት በቁጥር ጽፌ ወደ ስፌት ቤታቸው ሄድኩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ቀሚስ ነው?" አሉኝ። የኔ ልጅ ማለታቸው ነው፤ ሁሉንም ሴት እንደዚያ ይጠራሉ።

"አይደለም ጋሼ። ይህችን ያንብቡልኝ ብዬ ነው።"

ወረቀቱን ተቀብለው ተመለከቱት። ቆዩ። ዓይናቸው ወረቀቱ መካከል አንድ ቦታ ቆሞ አልተንቀሳቀሰም። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ፤ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ የኔ ነበር።

"ጽሕፈትሽ ያምራል" አሉ። "መነጽሬን ረስቼው ነው እንጂ።"

መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው። እኔ ሳየው እሳቸውም አስታወሱና "ይሄ የመርፌ ነው" አሉ። "እስቲ አንቺው አንብቢው።"

አነበብኩላቸው። እስከ ዘጠነኛው ድረስ እግራቸውን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳያነሱ፣ እየሰፉ ሰሙኝ። አሥረኛው የአምባሩ ነበር። መኪናው ቆመ።

"ሰረቅሁ አለች?"

"ተጽፏል።"

"ጽሑፉን የጻፈው ሰው ሴትዮዋን አይቷታል?"

"እሱን አላውቅም ጋሼ። እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው።"

"የእጇን አንጓ አይተሻል ወይ?" አሉ። እሳቸው ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት እጅጌ ነው፤ ሙያቸው ሆኖባቸው ይሆናል ብዬ አልፌው ሄድኩ። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ከሚነቃነቀው የስፌት መኪናቸው እግር ሥር ሸጎጡት። "እነሆ፣ ቀጥ አደረግሽኝ" አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የጻፍኩት ነገር እግር ሥር ሲገባ ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ግን እንግሊዝኛ የቻልኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ከእርሻ ትምህርት ቤቱ የሚመጡ ተማሪዎች የኋላ አግዳሚ ላይ ሆነው መሳቅ ጀመሩ፤ አንደኛው ለቀበሌው የባህል ኮሚቴ "ሰፊው ሕዝብ እየተዋሸ ነው" ብሎ ማመልከቻ አስገባ። የኮሚቴው ሊቀመንበር መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጡ።

"ጓድ፣ አንቺ እሑድ እሑድ አትቀሪም። አንባቢም ነሽ። የአጣቢዋ ፊልም ከባኮ ተመልሷል፣ እሑድ እንደገና ይታያል። ቁጭ ብለሽ ልክና ስህተቱን ለይተሽ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ስጪን። ስህተቱ ከበዛ በተማረ ሰው እንተካቸዋለን።"

"ለምን እኔ?"

"አንቺ ለማንም ብለሽ የማትጽፊ ሰው ነሽ ብለውኝ ነው።"

እውነታቸውን ነው። በዚያ አመልካችና ተጠርጣሪ በበዛበት ዘመን እኔ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያላየሁትን ጽፌ አለመፈረሜ ነው። ግን እኚያን ሰው ያለዚያ ሣጥን ማሰብ አልቻልኩም። ከሥራ ቀን እስከ እሑድ የሚኖሩት ለዚያች ለተገለበጠች ሣጥን ነበር። ከረባታቸውን የሚያስሩት ለሰርግ እንኳ አይደለም፤ ለእሷ ብቻ ነው።

እሑድ ፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ከሣጥናቸው አንድ ክንድ ርቄ ተቀመጥኩ። ደብተሬን በመስመር ሁለት ቦታ ከፍዬዋለሁ፤ ልክ፣ ስህተት። ሊቀመንበሩ ከበስተኋላዬ ናቸው። አስተርጓሚውም ለምን እንደመጣሁ ሰምተዋል፤ "አካም ጅርታ" ብለው ሰላም ሲሉኝ ድምፃቸው ከፊልሙ ሰዎች የአንዱም አልነበረም። ደኅና ነሽ ወይ ነው ያሉኝ፤ እሳቸው ግን ደኅና አልነበሩም።

ፊልሙ ተጀመረ። የስህተቱ ቦታ ቶሎ ቶሎ ሞላ። አንድ ገጽ ገለበጥኩ። የእርሳሴን ድምፅ የሚሰሙ ይመስል በየመካከሉ ዞር ይላሉ፤ ቀልድ ጠፋባቸው። ልጁ ወደ ከተማ ሲሄድ አንድም ሰው አላለቀሰም። ያኔ እርሳሱን ጆሮዬ ላይ ሰካሁና ወደ ሣጥኑ ጠጋ አልኩ። ሳላስበው ነው አልልም፤ አስቤበት ነው። ከሥር የሚያልፈውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ በጆሯቸው ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ያዙት። እኔ ደረቁን አቀብላለሁ፣ እሳቸው በሽማግሌው ድምፅ፣ በሙሽራዪቱ ድምፅ፣ በሁለት ቋንቋ ያወጡታል። አዳራሹ ተመለሰ። ከኋላ የሚስቁትም መጀመሪያ ዝም አሉ፣ በኋላ በትክክለኛው ቦታ ሳቁ።

ፍርድ ቤቱ ደረሰ። "አዎ፣ የሰረቅሁት እኔ ነኝ ትላለች" አልኳቸው በሹክሹክታ።

የማስመሪያው ጫፍ አቡጀዲው ላይ፣ ሴትዮዋ እጅ ላይ ቆመ።

"ማል ጄቴ?" አለ አንዱ።

ዞረው አዩኝ። ከዚያ ጭኔ ላይ ያለውን ደብተር አዩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩና "አዎ፣ የሰረቅሁት እኔ ነኝ አለች" አሉ፤ በኦሮምኛም ደገሙት።

አንዲት አሮጊት ከመካከል "እንዴ፣ ባለፈው አልሰረቀችም ነበር እኮ" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሊቀመንበሩ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እማማ" አሉ አስተርጓሚው፣ ረጋ ብለው። "ባለፈው ልጇ ፊት አፍራ ደበቀችን። እኛን ገና አታውቀንም ነበር። አሁን ባኮ ደርሳ ስትመለስ፣ ያው ዘመድ ሆንን፣ እውነቱን ነገረችን።"

"እሱስ ልክ ነው" አሉ አሮጊቷ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዳኛው ሲፈርድ የተለቀሰው ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ነበር።

በማግሥቱ የጻፍኩት ሪፖርት አጭር ነው። ግልባጩ እስካሁን አለኝ። እስከ ፊልሙ እኩሌታ የተተረጎመው ከጽሑፉ ጋር እንደማይገናኝ፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን እኔ እንዳነበብኩላቸውና ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እንደተናገሩት፣ ለአሮጊቷ የሰጡት መልስ ግን የራሳቸው መሆኑን አስፍሬ፣ ከእኔ ጋር ቢቀጥሉ ፈቃደኛ መሆኔን ገልጬ ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አንብበው "እንግዲህ ሁለት ሣጥን ይፈለጋል" ብቻ አሉ።

ስድስት ዓመት ያህል በሁለት ሣጥን ሠራን። ፊደል ላስቆጥርዎ አላልኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ከዚያ ቪዲዮ መጣ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ጓዳውን ቪዲዮ ቤት አደረገው፤ የአዳራሹ እሑድ እየሳሳ ሄደና ቀረ። ቪዲዮን ዛሬም አልወደውም። ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ለየብቻው ያያል። ምን አለች ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ያልገባው አፍሮ ዝም ይላል።

ግን አንድ ውለታ ውሎልኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ የአጣቢዋ ፊልም እዚያ ይታያል ሲባል ሄድኩ። ካሴቱ ሲቀዳ ይሁን በቴሌቪዥኑ ትንሽነት፣ የሥዕሉ የታችኛው ጠርዝ ተቆርጧል፤ ከጽሑፉ የሚታየው የፊደሎቹ ጫፍ ብቻ ነው። የማነበው አጣሁ። ሥራ የፈታ ዓይኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ወጣና ሴትዮዋን አየኋት። ሰረቅሁ ስትል ዳኛውን አታይም። ባዶ እጇን ነው የምታየው። በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ይዛ፣ ለረጅም ዘመን ያጠለቁት ጌጥ የሚያሳክከውን ቦታ እንደሚያሹት፣ ታሻዋለች። ሰርቃ በዚያው ቀን የሸጠች ሴት እንደዚያ አታደርግም። አምባሩን ዓመታት አድርጋዋለች። የኔ ነው ብላ ብትከራከር ገንዘቡ የት እንደገባ ሲጠየቅ ዳኛው የአጣቢ ልጅ መሆኑ ይወጣል፤ ልጇን ከዚያ ክርክር ለማውጣት ነው ሰረቅሁ ያለችው።

ፊልሙ እስኪያልቅ አልጠበቅሁም። ስፌት ቤታቸው ሄድኩ። አርጅተዋል፤ መርፌውን የምታጠልቅላቸው የልጅ ልጃቸው ናት።

"ጋሼ፣ እጇን አየሁት" አልኳቸው።

የማንን ብለው አልጠየቁኝም። "እና?"

"አልሰረቀችም።"

መኪናውን እየረገጡ ትንሽ ሰፉ።

"ያን እሑድ ታዲያ ለምን ሰረቅሁ አለች አሉ?" አልኳቸው።

"አንቺ የምትፈርሚ ሰው ነሽ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ። "አልሰረቀችም ብል ወይ እኔን ታባርሪያለሽ፣ ወይ ያላየሽውን ትፈርሚያለሽ። ሁለቱንም አልፈለግሁም።"

ወደ መሬት ሳይ የመኪናው እግር ሥር፣ ከአቧራ ብዛት ወደ ቡኒነት የዞረች፣ በአራት የታጠፈች ወረቀት አለች።

"አሥረኛውን ልሰርዘው" አልኩ።

"አትንኪያት፣ መኪናው ይነቃነቃል" አሉ። "በሌላ ጻፊው። ስትጨርሺ ፈርሚበት።"

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ።