አያት ድረስ፣ ወንድ ሞግዚት ለመሆን

ኦሎምፒያ፣ ጎህ ሲቀድ

ሰዓት እላፊው ካበቃ ብዙም አልቆየም። የተከራየኋትን ክፍል ቆልፌ ስወጣ ደህና ዋል የሚለኝ አልነበረም፤ የአከራዬ ውሻ እንኳ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ። የኅዳር ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ዳቦ ቤቱ ፊት ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ተሰልፈዋል።

የምሄደው አያት ነው። እዚያ የገበሬ ማኅበሩ የሕፃናት ማቆያ ከፍቷል፤ ለአንድ ቀን ሊሞክሩኝ ተስማምተዋል። ልጆቹ ከለመዱኝ እቀጠራለሁ። ካልለመዱኝ ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም። ቦሌ ውስጥ የጠየቅኳቸው ቀበሌዎች «ሞግዚት ሴት ናት» ብለው መልሰውኛል።

መገናኛ፣ ፀሐይ ስትወጣ

በትንሿ ሰይቼንቶ ታክሲ ተጣበን መጣን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሯቸውን እኔ ጉልበት ላይ አሳርፈው ተኙ። ከአንዲት የጣውላ ቤት ሻይ ጠጣሁ፤ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው። ስኳር ስለጠፋ ሁሉም ከረሜላ አፉ ውስጥ አድርጎ ይጠጣል።

ከዚያ ወዲያ ታክሲ የለም። አሸዋ ሊጭን ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ባዶ ገልባጭ መኪና ቆመልኝ። ሾፌሩ መፋቂያውን ነክሶ ነው የሚነዳው።

«ወዴት ነህ ወንድሜ?»

«አያት፣ ሕፃናት ማቆያው ጋ።»

«ልጅህ እዚያ ነው?»

«ልሠራ ነው።»

«ዘበኛ?»

«ሞግዚት።»

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ጡቱን ታዲያ ከየት ልታመጣው ነው?» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ጉርድ ሾላን ካለፍን በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የምሬን ነው፤ ምን አስመኘህ?» አለኝ።

«ልጅ እወዳለሁ» ብቻ አልኩት። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

እናቴ ሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች። የክፍላችን ግድግዳ በጋዜጣ የተለጠፈ ነው፤ ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ገጽ ገልብጣ ለጥፋዋለች። ደጅ ያሉ ልጆች ፊደል ሲያጠኑ በበሩ ስንጥቅ እሰማለሁ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ እፈልጋለሁ። የተገለበጠው «ሀ» ለእኔ ብዙ ጊዜ «በ» ሆኖ ኖሯል። «በ» የቱ ነው ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ረፋዱ ነበር የማያልቀው። አጠገቤ ዝም ብሎ ቁጭ የሚል አንድ ትልቅ ሰው እመኝ ነበር። ያ ሰው ሳይመጣ አደግሁ፤ ለሌላ ልጅ እኔ ልሁንለት አልኩ።

አያት፣ ረፋድ

መንገዱ ግራና ቀኙ የደረሰ ጤፍ ነው። አጫጆች አጎንብሰዋል። ማቆያው ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የጭቃ ቤት ነው፤ ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል። ኃላፊዋ እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሊጥ ነክቶታል።

«አንተ ነህ? ግባ እስቲ።»

ስገባ ልጆቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ ከንፈሯን ጣለችና አለቀሰች።

«ጫልቱ ናት» አሉኝ እትዬ አስካለ በሹክሹክታ። «ኮት የለበሱ ሰዎች መጥተው ወንድሟን ለውትድርና ወሰዱት።»

ኮቴን አውልቄ ደጅ፣ ዘበኛው አጠገብ ሰቀልኩና ሰሌኑ ጥግ ተቀመጥኩ። ማንም አልቀረበኝም። ቆሎ ሲታደል ለእኔም እንደ ልጆቹ በመዳፌ ሰፈሩልኝ።

«አጫውታቸው እንጂ። እንደ ሙሽራ ተጎልተህ ልትውል ነው?»

«ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ።»

ከሰዓት በኋላ

ልጆቹ ተኝተው ተነሡ። ጫልቱ እንቅልፍ በያዘው ዓይኗ ቤቱን ስታይ ቆየች። ከዚያ መጥታ ፊቴ ቆመችና አገጯን ወደ ላይ አነሣች።

«እትዬ፣ ንፍጥ።»

በመሐረቤ ጠረግሁላት።

እትዬ አስካለ ከወዲያ ሆነው፣ «ጋሼ በይው እንጂ፤ ወንድ እኮ ነው» አሏት።

ጫልቱ አሰበች። «ጋሼ ዘበኛው ነው» አለች።

ከእሷ ቀጥሎ አንዱ የሸሚዙን ቁልፍ እንድቆልፍለት መጣ፤ ሌላው እሾህ የወጋውን ጣቱን ይዞ። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሉኝ። እዚህ ቤት ንፍጥ የሚጠርግ ሰው ስሙ ያ ነው።

አመሻሽ

እናቶች ማጭዳቸውን በብብታቸው ይዘው ከማሳ ተመለሱ። የጫልቱ እናት ልጇን በማታውቀው ሰው እቅፍ ውስጥ ስታይ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«እትዬ ነው» አለች ጫልቱ።

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። አንዷ «እትዬ ነው!» እያለች ደገመችው። እናትየዋ አልሳቀችም። የልጇን ፊት አገላብጣ አየች፣ አፍንጫዋን አየች፣ ከዚያ «አለቀሰች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጠዋት ብቻ።»

ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝና ልጅቷን አሳዘልኳት።

እትዬ አስካለ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ይሄ ስም እንደማይለቅህ ታውቃለህ? ገበያ መሃል ነው የሚጠሩህ።»

«ይጥሩኝ።»

«እንግዲያው ሰኞ በጠዋት ና።»

የሚመልሰኝ መኪና ለመጠበቅ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ጫልቱና እናቷ በጤፉ መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ሲርቁ ይታዩኛል። እጄን አነሣሁ። እሷ ግን እናቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።